አደገኛ ጋዝ በአየር ውስጥ መቼ ይቀጣጠላል? የመቀጣጠል ወሰን አለካክ

ተቀጣጣይ ጋዝ ስላለ ብቻ እሳት አይነሳም። ጋዙ ከአየር ጋር በልክ መደባለቅ አለበት። ካነሰ ብልጭታው ብልጭ ብሎ ይቀራል። ከበዛ ደግሞ ለመንደድ የሚበቃ ኦክስጅን አያገኝም። አደገኛው ክልል በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ጫፎቹም ታችኛውና ላይኛው የመቀጣጠል ወሰን ይባላሉ።

ሜቴን በቮልዩም ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል። ፕሮፔን 2 በመቶ አካባቢ ይጀምርና 10 ሳይሞላ ያበቃል። ሃይድሮጂን ግን ጉድ ነው፤ ከ4 እስከ 75 በመቶ ይዘልቃል።

ቁጥሮቹ የሚገኙት በሙከራ ነው። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት መሣሪያ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋና 1.5 ሜትር የሚረዝም የቆመ ቱቦ ነበር። ጋዝና አየር ተመጥነው ይገባሉ፣ በደንብ ይደባለቃሉ፣ ከዚያ ከታች በኩል ይለኮሳሉ። ነበልባሉ ሽቅብ ተጉዞ ጫፍ ከደረሰ ድብልቁ ተቀጣጣይ ነው። መንገድ ላይ ከከሰመ አይደለም። ከዚያ ጋዙን ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ወይም እየጨመሩ ይደጋግሙታል፤ የሚነደውና የማይነደው ተለይተው እስኪታወቁ ድረስ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ከታች የሚለኮሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ትኩስ ጋዝ ሽቅብ ስለሚወጣ ነበልባሉን ይዞት ይሄዳል። ሃይድሮጂን ሽቅብ ለመንደድ 4 በመቶ ሲበቃው፣ ቁልቁል ለመውረድ ግን 9 በመቶ ገደማ ይፈልጋል። ለጥንቃቄ የሚያዘው ዝቅተኛው ቁጥር ነው። የዕቃው ስፋትና የብልጭታው ጉልበትም ውጤቱን ይለውጣሉ። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ክልሉ ይሰፋል። ስለዚህ ወሰን ሲጠቀስ በምን ዘዴ እንደተለካ አብሮ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሜቴን ታችኛ ወሰን በአንዳንድ የደረጃ ሰነዶች 5 ሳይሆን 4.4 በመቶ ተብሎ የሚገኘውም በዚህ የተነሳ ነው።

በሥራ ቦታ የሚያዙ ጋዝ ጠቋሚዎች የሚያሳዩት ጋዙ ከታችኛው ወሰን ስንት መቶኛ እንደደረሰ ነው፤ ይህን ወሰን ሠራተኞች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤል ኢ ኤል ይሉታል። ንባቡ 10 ከሆነ አየሩ ውስጥ ያለው ሜቴን የ5 በመቶው አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 0.5 በመቶ ብቻ ነው። ያኔ ገና ጊዜ አለ።

ከላይኛው ወሰን በላይ መሆን ግን ደህንነት አይደለም። በር ሲከፈት አየር ይገባል፤ ድብልቁም እየሳሳ በአደገኛው ክልል ውስጥ ያልፋል። ጋዙን በማንደድ የሚለካው የጠቋሚ ዓይነት ራሱ ኦክስጅን ይፈልጋል። ጋዝ በበዛበት ቦታ ንባቡ ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ሽቅብ ተተኩሶ ድንገት የወረደ ቁጥር ሲታይ ወደ ውስጥ መዝለቅ ሳይሆን ወዲያው መውጣት ነው።