ለወታደሩ ሻይ ያፈሉት ድርጅቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ከጦሩ ጀርባ ሌላ ትልቅ ሥራ ይካሄድ ነበር። ሻይ የሚያፈላ፣ ካልሲ የሚልክ፣ ለደብዳቤ ወረቀት የሚያድል ሰው ብዙ ነበር። የፕሮቴስታንት፣ የካቶሊክና የአይሁድ ማህበራት፣ ቀይ መስቀል፣ የሰፈር ሴቶች። ዛሬ ሥራቸው ሲነሳ ወይ በውዳሴ ብቻ ይታለፋል፣ ወይ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የተጣመመ ወሬ ይወራበታል። እኔ ይህን ሥራ ከልቤ አከብራለሁ። ለዚህም ነው ያላጠፉት ሲወራባቸውም ሆነ ያጠፉት ሲሸፋፈንላቸው የሚከነክነኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሃይማኖት ድርጅቶቹ የሄዱት ለመስበክ ነው»

ስብከት ነበር። ግን ሻዩን ለመጠጣት ስብከቱን መስማት ግዴታ አልነበረም። ለዚህ ከታልቦት ሃውስ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ቤቱ ቤልጅየም ውስጥ ፖፐሪንግ በምትባል ከተማ ይገኛል። ከኢፕር ግንባር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በዲሴምበር 1915 የከፈቱት ሁለት የእንግሊዝ ጦር ቄሶች ናቸው፦ ኔቪል ታልቦትና ፊሊፕ ክሌይተን። ስሙ የኔቪል ታናሽ ወንድም የጊልበርት ማስታወሻ ነው። ጊልበርት በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በ23 ዓመቱ ግንባር ላይ ወድቋል።

ቤቱ ውስጥ ፒያኖ፣ መጻሕፍት፣ ሻይና የአትክልት ቦታ ነበር። መጽሐፍ መዋስ የፈለገ ወታደር ቆቡን በመያዣነት ያስቀምጣል። ያለ ቆብ ወደ ጦር ክፍሉ መመለስ ስለማይችል መጽሐፉም ይመለሳል። መኮንኑም ተራ ወታደሩም ማዕረጉን በር ላይ ትቶ ይገባል። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ፣ ያውም በ1915፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጸሎት ቤቱ ያለው ደግሞ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ነው። መንበሩም የአናጢ ጠረጴዛ ነበር። ደረጃውን የወጣ ይጸልያል፤ ያልወጣም ታች ሆኖ ሻዩን ይጠጣል።

የአሜሪካ ካቶሊኮች ማህበር የሆኑት የኮሎምበስ ናይትስም አዳራሾቻቸው በር ላይ የለጠፉት ስለ ሃይማኖት አልነበረም። ሁሉም ሰው እንዲገባና ሁሉም ነገር ነፃ እንደሆነ የሚገልጽ ነበር።

«ወጪውን የሸፈነው መንግሥት ነው»

አብዛኛው የሕዝብ መዋጮ ነው። በ1914 ጦርነቱ በታወጀ በ10 ቀን ውስጥ የእንግሊዝ ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማህበር) 250 የወታደር ማረፊያዎችን ከፍቷል። በ1918 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሰባት ድርጅቶች በአንድ ላይ ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ተደረገ። ወወክማ፣ ወሴክማ (የወጣት ሴቶቹ ማህበር)፣ ካቶሊኮቹ፣ አይሁዶቹ፣ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የፕሮቴስታንት በጎ አድራጎት ድርጅት፣ የቤተ መጻሕፍት ማህበሩ፣ በየከተማው ወታደሩን የሚያስተናግደው የማህበረሰብ አገልግሎት። ዒላማቸው 170.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዘመቻው የተጀመረው ኖቬምበር 11፣ ማለትም ጦርነቱ ባበቃበት ዕለት ነው! ሆኖም ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሰበሰበ። ጥይቱ ቢቆምም ወታደሩ መርከብ እስኪደርሰው ባሕር ማዶ ወራት መጠበቅ ነበረበት፤ ገንዘቡም ያስፈለገው ለዚህ ነው።

«ስጦታውን መልሰው ለወታደሩ ሸጡለት»

ይህኛው ወሬ ትውልድ ተሻግሯል። ውስጡ እውነት ስላለበት ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

በ1917 ፈረንሳይ የነበረው የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፐርሺንግ ወወክማ የጦሩን ካንቲኖች እንዲያስተዳድር ጠየቀ። ወታደር ከማሻሻጥ ነፃ ሆኖ ይዋጋ ማለቱ ነበር። ወወክማ ተቀበለ። ማህበሩ ነጋዴ አልነበረም፤ ሆኖም ዕቃው የማጓጓዣ ወጪውን መመለስ ነበረበት። ስለዚህ ዋጋው ጦሩ ራሱ ከሚሸጥበት ከፍ አለ። ጭቃ ውስጥ የከረመ ልጅ ከበጎ አድራጎት ድርጅት እጅ ሲጋራ በውድ ሲገዛ ምን ይሰማዋል? ነገሩን ያባሰው ሌላም ስህተት ነበር። ለጋሾች የላኩት ሲጋራ በጦሩ መጋዘን ከሚሸጠው ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ካንቲኑ ደረሰ። ወታደሩ ከፍሎ የገዛውን ፓኬት ሲከፍት የለጋሹን ካርድ አገኘ። ከዚያ በኋላ ማን ማስተባበያ ይሰማል?

በወቅቱ ለአሜሪካ ወታደሮች ከተሠራው የድጋፍ ሥራ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል የሸፈነው ወወክማ ነው። የተመሰገነው ግን ሳልቬሽን አርሚ። ወደ ፈረንሳይ የላካቸው ሰዎች 250 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ1917 ሄለን ፐርቪያንስና ማርጋሬት ሼልደን የተባሉ ሁለት ሴቶች በነበራቸው ዱቄትና ስብ ዶናት ጠበሱ፤ በመጀመሪያው ቀን 150 ብቻ ነበር የወጣላቸው። ግን ግንባር አካባቢ ነበሩ፤ ኪሱ ባዶ የሆነውንም በዱቤ ያስተናግዱ ነበር። በእኔ እይታ ልዩነቱ የደግነት ማነስና መብዛት አይደለም። ወወክማ ከባዱን ሥራ ተሸከመ፤ የባለ ሱቅን ስም ግን ሳይመዝን ተቀበለ።

ከዚህ ትምህርት ይወሰዳል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። በ1942 ግን ያው ነገር በቀይ መስቀል ላይ ደረሰ። እንግሊዝ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች በቀይ መስቀል ክበቦች በነፃ ይስተናገዱ ነበር። የእንግሊዝ ወታደር ደግሞ በራሱ ካንቲን ይከፍላል፤ ደመወዙም ከአሜሪካዊው ያንሳል። ቅሬታ ተነሳ። የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን ለቀይ መስቀሉ ሊቀ መንበር ለኖርማን ዴቪስ ጽፎ በክበቦቹ ለምግብና ለመኝታ እንዲያስከፍሉ ጠየቀ። ቀይ መስቀል ተቃወመ፤ በመጨረሻ ግን እሺ አለ። በአውቶቡስ እየዞረ ቡናና ዶናት የሚያድለው አገልግሎት ነፃ እንደሆነ ቀጠለ። ብዙ ወታደር ግን በቃ፣ ቀይ መስቀል ዶናት ሸጠልን ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። አዛውንቶቹ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ይህን ያነሱ ነበር። ውሳኔው የጦሩ፣ እዳው የቀይ መስቀል ሆነ ማለት ነው።

«ካልሲና ሻርፕ ለስሜት እንጂ ለሌላ አይጠቅምም»

ካልሲው ሕክምና ነበር። በ1914–15 ክረምት በእንግሊዝ ጦር ብቻ 20,000 የሚሆን ወታደር «የምሽግ እግር» በሚባለው በሽታ ተያዘ። እግር በቀዝቃዛ ውኃ ሲዘፈቅ ይውላል፤ ይደነዝዛል፤ ያብጣል፤ ከባሰም ይቆረጣል። መከላከያው እግርን ማድረቅ፣ ቅባት መቀባትና ደረቅ ካልሲ መለወጥ ነው። ደረቅ ካልሲ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያልቃል።

ይህ ማለት ግን የተላከው ሁሉ ጠቀመ ማለት አይደለም። አንዱ የጦር ክፍል ሻርፕ ሲትረፈረፍለት ሌላው ጓንት ያጣ ነበር። ስለዚህ እንግሊዝ በ1915 ሰር ኤድዋርድ ዋርድን ሾማ የበጎ ፈቃድ ማህበራቱን ሥራ አቀናጀች። ምን፣ ስንትና ለማን እንደሚያስፈልግ ተነግሯቸው ይሠሩ ጀመር።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ጉዳትም አለ። በነሐሴ 1914 ንግሥት ማሪ የአገሩ ሴቶች በነፃ ልብስ እንዲሰፉ ጥሪ አቀረበች። በስፌት የሚተዳደሩት ድሃ ሴቶች ግን ያኔ ጦርነቱ ሥራ አሳጥቷቸው ነበር። ባለጸጋዋ በነፃ ከሰፋችው የእነሱን ማን ይገዛል? የሠራተኛ ሴቶች መሪ የነበረችው ሜሪ ማካርተር ይህን ተቃወመች። ንግሥቲቱም አዳመጠቻት። ሥራ ላጡ ሴቶች ደመወዝ ያለው ሥራ የሚፈጥር ፈንድ ተቋቋመ። ሁለቱንም አደንቃለሁ፤ የተናገረችውንም፣ የሰማችውንም።

አስቦ ስለ መስጠት ከተነሳ፣ በ1914 ገና በልዕልት ሜሪ ስም የተላከውን የናስ ሳጥን አለማንሳት ይከብዳል። ለአጫሹ ትምባሆ ነበረው። ለማያጨሰው ከረሜላና መጻፊያ። ሃይማኖታቸው ትምባሆ ለሚከለክላቸው ሲኮች ስኳር ከረሜላና ቅመም። ለነርሶች ቸኮሌት። ልዕልቷ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር።

«ቀይ መስቀል የክርስቲያን ድርጅት ነው»

አይደለም። ጄኔቫ ውስጥ በ1863 ሲመሠረት በሃይማኖት ሳይለይ ቁስለኛን ለመርዳት ነው። ምልክቱ የስዊዘርላንድ ባንዲራ ቀለሙ ተገልብጦ ነው። ኦቶማኖች ከ1876 ጀምሮ ቀይ ጨረቃን የተጠቀሙት ግን መስቀሉ ለሙስሊም ወታደሮቻቸው ሌላ ትርጉም ስለሚሰጥ ነው።

«ትልቅ ድርጅት ካልሆነ አይችልም»

ኔብራስካ ውስጥ ያለችው ኖርዝ ፕላት ያኔ 12,000 ያህል ሕዝብ የነበራት ከተማ ናት። በዲሴምበር 17፣ 1941 ሕዝቡ የአገሩ ልጆች በባቡር ያልፋሉ ብሎ ምግብና ሲጋራ ይዞ ጣቢያ ወጣ። ባቡሩ ሲደርስ ግን ውስጡ ያሉት የካንሳስ ልጆች ሆኑ። ትንሽ ግራ ተጋቡ፤ ከዚያ ያመጡትን በሙሉ ለእነሱ ሰጡ። በማግሥቱ ሬይ ዊልሰን የምትባል የሱቅ ሠራተኛ ለጋዜጣ ጽፋ ይህ በየቀኑ ይሁን አለች። በገና ዕለት ካንቲኑ ተከፈተ፤ እስከ ኤፕሪል 1፣ 1946 አልተዘጋም። ባቡሩ የሚቆመው 10 ወይም 15 ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ሳንድዊች፣ ቡና፣ ልደቱ ለሆነ ልጅ ኬክ። 125 የሚሆኑ የአካባቢው መንደሮችና ከተሞች ተራ እየገቡ 6 ሚሊዮን ያህል ወታደር አስተናግደዋል።

«ለሁሉም እኩል ደረሰ»

ይህ ነው የሚያሳዝነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ብቻ 20 ሚሊዮን የሚሆን የምግብ ጥቅል ለጦር ምርኮኞች ልከዋል። ጀርመን እጅ የወደቁት የሶቪየት ምርኮኞች ግን አላገኙም። አገራቸው የ1929ኙን የጄኔቫ የምርኮኞች ስምምነት አልፈረመችም ነበር፤ ጀርመንም ይህን ሰበብ አደረገች። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩት አለቁ።

በመጀመሪያው ጦርነት ደግሞ ፈረንሳይ ለነበሩት 200,000 ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ወወክማ ለረጅም ጊዜ የመደባቸው ጥቁር ሴቶች ሦስት ብቻ ነበሩ። አዲ ሀንተንና ካትሪን ጆንሰን ከእነሱ መካከል ናቸው። ማንበብ ለማይችሉት ፊደል ያስቆጥሩ ነበር፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ሀንተን ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለችው ሮማኝ ሄዳ አስከሬን እየሰበሰቡ ከሚቀብሩት ጥቁር ወታደሮች ጋር ቆይታለች። አንዳንድ የወወክማ አዳራሾች እነዚህን ወታደሮች ከበር መልሰዋቸዋል። «ዘመኑ እንዲያ ነበር» ብለው የሚከራከሩ አሉ። የኮሎምበስ ናይትስ አዳራሾች ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ለዚያው ጦር ተከፍተው ጥቁሩንም ነጩንም ያስገቡ ነበር።