ተለዋጭ ቀጠሮ ምንድን ነው? ጠበቃ ሲቀየር የግድያ ክስ ለምን ይጓተታል?

ደሴ ላይ ወሬው ከተማውን ያዳረሰ የግድያ ክስ የሚታይ ዕለት የፍርድ ቤቱ ግቢ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይሞላል። የሟች ቤተሰብ ጥቁር ለብሶ በአንድ ወገን፣ የተከሳሽ ዘመድ በሌላው ወገን ይቆማል። ሱቁን ዘግቶ የመጣም አለ። መዝገቡ ይጠራል። እስከ ዛሬ በዚህ መዝገብ ያልታየ ጠበቃ ይነሣና ውክልና የተቀበለው ገና በዚህ ሳምንት መሆኑን ይናገራል። መዝገቡን መርምሮ እንዲቀርብ ተለዋጭ ቀጠሮ ይጠይቃል። ዐቃቤ ሕግ ይቃወማል። ዳኞቹ ይመካከራሉ። ቀን ይሰጣል፣ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ቡና ላይ የሚወራው አንድ ነው፦ «አይ፣ ይቺ ነገር ተበልታለች።»

ተበልታም ሊሆን ይችላል። ጠበቃ መቀየሩ ብቻውን ግን ይህን አያሳይም።

ተለዋጭ ቀጠሮ ማለት ለአንድ ቀን የተያዘ የችሎት ሥራ በዚያ ቀን ሳይሠራ ወይም ሳያልቅ ሲቀር ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ሌላ ቀን ነው። ክሱ አልተዘጋም። ተከሳሹም አልተለቀቀም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 መሠረት ከባድ የሰው ግድያ በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ያስቀጣል። በዚህ አንቀጽ የተከሰሰ ሰው በዋስ አይወጣም። ስለዚህ ቀጠሮው በተራዘመ ቁጥር ማረሚያ ቤት የሚቆየው እሱ ራሱ ነው። ጥፋተኛ ከተባለ የታሰረበት ጊዜ ከቅጣቱ ይታሰብለታል። ነጻ ከወጣ ግን ያንን ጊዜ የሚመልስለት የለም። «ለተከሳሽ አደሉለት» የምንል ሰዎች ይህን ቶሎ እንረሳለን።

ቀጠሮ የሚመራበት ሕግ ዕድሜ ጠገብ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይባላል፤ ጉዳዩ ያለው አንቀጽ 94 ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ በራሱ ተነሣሽነት ወይም በዐቃቤ ሕግ ወይም በተከሳሽ ጥያቄ፣ ለፍትሕ ሲባል አስፈላጊ ከሆነ፣ ክርክሩ በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢሆን ቀጠሮ ሊለውጥ ይችላል ይላል። ከዚያ ምክንያቶችን ይዘረዝራል። ዐቃቤ ሕግ ከቀረ፣ ተከሳሹ ወይም ጠበቃው ካልቀረበ፣ ምስክር ካልመጣ፣ ያልተጠበቀ ማስረጃ ከቀረበ፣ ክሱ ከተሻሻለ፣ እያለ ይሄዳል። በዝርዝሩ ውስጥ «ጠበቃ ቀየርኩ» የሚል ምክንያት በስሙ ተጽፎ አታገኙም። የሚገባው «ለፍትሕ ሲባል» በሚለው ሰፊ በር ነው። ሰፊ በር ደግሞ በረኛ ይፈልጋል። በረኛው ዳኛው ነው። ሕጉ «ሊሰጥ ይችላል» አለ እንጂ «ይሰጣል» አላለም።

ታዲያ ዳኛው ለምን «አይሆንም፣ ክርክሩ ይቀጥል» አይሉም? ምክንያቱ ሕገ መንግሥቱ ላይ ነው። የተከሰሱ ሰዎች መብት የተጻፈው አንቀጽ 20 ላይ ነው። ንዑስ አንቀጽ 1 ተከሳሽ ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ፣ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመሰማት መብት አለው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት ይሰጠዋል፤ አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነም መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ሁለቱ መብቶች እዚያው አንቀጽ ውስጥ ተቀምጠው አንዱ ቶሎ ጨርሱ፣ ሌላው ጠበቃዬን ጠብቁልኝ ይላሉ። ጠበቃ የተቀየረ ዕለት ዳኛው የሚመዝኑት እነዚህን ነው። ሞት ሊያስፈርድ በሚችል ክስ ውስጥ ደግሞ መዝገቡን ያላነበበ ጠበቃ አቁሞ መቀጠል፣ ጠበቃ አልባ ሆኖ ከመቅረብ ብዙም አይለይም። አዲሱ ጠበቃ ሐረጎ ዳገት መሀል ላይ የተጫነ መኪና መሪ እንደተረከበ ሾፌር ነው። ፍሬኑ መያዙን ሳያይ ንዳ ማለት የተሳፋሪውንም ነፍስ መቀለጃ ማድረግ ነው።

የማይቸኩሉበት ሌላም ምክንያት አላቸው። በጥድፊያ የተሰጠ ፍርድ ይግባኝ ላይ ሊፈርስ ይችላል። የበላዩ ፍርድ ቤት «ተከሳሹ በአግባቡ አልተከላከለም» ብሎ መዝገቡን ከመለሰው ምስክሮቹ እንደገና ሊጠሩ ነው። የሟች እናት ያንን ቃል ሁለተኛ ልትሰማ ነው። አንድ ወር ለመቆጠብ ተብሎ ሁለት ዓመት ሊሄድ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አለ። ሁሉም የጠበቃ ለውጥ እኩል ጊዜ አይበላም። ዋናው ጥያቄ ለውጡ የመጣው የት ላይ ነው የሚለው ነው።

የግድያ ክስ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ክሱ ለተከሳሹ ይደርሰዋል። መቃወሚያ ካለው ያቀርባል። የእምነት ክህደት ቃሉን ይሰጣል። ካደ እንበል፤ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መዝኖ ወይ በነጻ ያሰናብተዋል ወይ «ተከላከል» ይለዋል። ተከላከል ከተባለ የራሱን ምስክሮች ያሰማል። በመጨረሻ ፍርድ፣ ጥፋተኛ ከሆነም ቅጣት።

ጠበቃው የተቀየረው ከእምነት ክህደቱ በፊት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የሚነበበው ክሱና የማስረጃ ዝርዝሩ ነው። ጎበዝ ጠበቃ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ ረጅም ቀጠሮ ከተሰጠ እኔም ቅር ይለኛል።

ከባዱ መሀል ላይ ሲሆን ነው። እንበል ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከኩታበር የመጡ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ግማሾቹ ተሰምተዋል። አሮጌው ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ጠይቋል። የትኛው ምስክር የት ላይ እንደተደናቀፈ፣ የትኛው ሲጠየቅ ዐይኑን እንደሰበረ ያየው እሱ ነው። አዲሱ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ያም ወረቀት ቢሆን የምስክሮቹ ቃል ተገልብጦ፣ ግልባጩ ከሬጅስትራር ወጥቶ እጁ እስኪገባ ቀን ይፈጃል። ከዚያ የአስከሬን ምርመራው ውጤት አለ። የፖሊስ የምርመራ መዝገብ አለ። ማረሚያ ቤት ሄዶ ደንበኛውን ማነጋገር አለ። ይህ ሁሉ የእውነት ሥራ ነው።

አዲስ ጠበቃ መጣ ማለት ግን ክሱ ከሀ ይጀመራል ማለት አይደለም። የተሰማው ምስክር ተሰምቷል። ያለፈው ደረጃ አልፏል። አዲሱ ጠበቃ አንድ ምስክር ተመልሶ እንዲጠየቅ ቢፈልግ ለፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ያስረዳል፤ ፍርድ ቤቱም ለፍትሕ አስፈላጊ ነው ካላለ በቀር አይጠራለትም። ቡና ላይ «ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ሊጀመር ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም።

ጠበቆች ለምን ይቀየራሉ? ሰው ወዲያው የሚያስበው ተንኮል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘብ ነው። የግድያ ክስ ረጅም ነው፤ ክፍያው በየደረጃው ይከፈላል። ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ የመጀመሪያውን ከፈለ እንበል። ሁለተኛው ላይ ያልቅበታል። ጠበቃው ይለቃል፤ ተከሳሹ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ ይላል። ከመንግሥት ሲመደብ ደግሞ «እከሌን ነው የምፈልገው» ብሎ መምረጥ አይሠራም። ተከላካይ ጠበቃው በእጁ ሌሎች መዝገቦች አሉበት። እሱም ለማንበብ ጊዜ ይጠይቃል። ተገላቢጦሹም አለ። ዘመድ ከአዲስ አበባ ስመ ጥር ጠበቃ ገዝቶ ይመጣል፣ የመንግሥቱ ጠበቃ ይሰናበታል። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ጠበቃ ሌላ ችሎት ካለው ቀኑ ይጋጫል። የእኔ ግምት ከሆነ፣ ደሴ ላይ ያለ ጎበዝ ጠበቃ ዳኛውንም መንገዱንም ስለሚያውቅ ለብዙ ሰው ይበጀው ነበር። ግን ስም ይገዛል።

ብዙም የማይወራለት ሌላ ምክንያት የጥቅም ግጭት ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ግድያ ተከሰው አንድ ጠበቃ ለሦስቱም ቆመ እንበል። መጀመሪያ ሁሉም «አልነበርንም» ይላሉ። ተከላከሉ ሲባሉ አንደኛው «ነበርኩ፣ የመታው ግን እሱ ነው» ይላል። በዚያች ደቂቃ ጠበቃው ያለቀለት ነው። አንዱን ቢያድን ሌላውን ይሰቅላል። የሁለቱንም ምሥጢር ደግሞ ያውቃል። መልቀቅ ግዴታው ነው። ከግቢው ውጭ የቆመ ሰው የሚያየው ግን ጠበቃው ሲወጣ ብቻ ነው፤ ለምን እንደወጣ ጠበቃው በይፋ ሊናገር አይችልም። ዝምታውን ወሬ ይሞላዋል።

እኛ ጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ዴልፊ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ታዳጊ ሴቶች ተገደሉ። ተጠርጣሪው የተያዘው በ2022 ነው። ክሱ በጃንዋሪ 2024 እንዲሰማ ተቀጥሮ ነበር። በኦክቶበር 2023 የወንጀሉ ቦታ ፎቶዎች ሾልከው በመውጣታቸው ዳኛዋ በመንግሥት የተመደቡትን ሁለት ጠበቆች ከመዝገቡ አስወጡ። አዲስ ጠበቆች ተተኩ። አዲሶቹ ለማንበብ ጊዜ ስለሚያስፈልጋቸው ክሱ ወደ ኦክቶበር 2024 ተገፋ። ከዚያ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2024 የድሮዎቹ ጠበቆች ይመለሱ ብሎ ወሰነ። ተመለሱ። ቀኑ በመሀል ወደ ሜይ ቀርቦ ነበር፤ እንደገና ወደ ኦክቶበር ሄደ። በኖቬምበር 2024 ተከሳሹ ጥፋተኛ ተባለ፤ በቀጣዩ ወር 130 ዓመት ተፈረደበት። ልብ በሉ፣ የሄዱት ጠበቆች በሦስት ወር ውስጥ ተመልሰዋል። የጠፋው ጊዜ ግን ዘጠኝ ወር ነው። ቀጠሮ አንዴ ከተነቀለ የዳኛው፣ የጠበቃው፣ የዐቃቤ ሕጉና የምስክሮቹ ካላንደር እንደገና እስኪገጥም ድረስ ቦታው አይመለስም።

እንግዲህ ስለ ተንኮሉ። አለ። ጠበቃ መቀየርን መሣሪያ የሚያደርግ ተከሳሽ አለ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጊዜ የዐቃቤ ሕግ ጠላት ነው። የቀን ሠራተኛ የሆነ ምስክር አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ፣ የሚኒባስ ከፍሎ ደሴ ይወጣል። «ተለዋጭ ቀጠሮ» ተብሎ ይመለሳል። ሁለተኛም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ስልኩን ያጠፋል። ወይም አረብ አገር ይሄዳል። ወይም የሚያስታውሰው ይደበዝዛል። ከዚያም አልፎ አንድ ምስክር ቃሉን ሳይሰጥ የሚቆይበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሚያስፈራሩትና የሚለማመጡት ይበዛሉ። በዚህ መሀል ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ በወሎ ትልቅ ነገር ነው፤ በቀልን ያስቆማል፣ ሁለት መንደር ያድናል። የግድያ ክሱን ግን አይዘጋውም። ቤተሰብ ቢታረቅም ከሳሹ መንግሥት ነው። እርቁ ምስክሩን ዝም ካሰኘው ግን መዝገቡ ባዶውን ይቀራል፤ ቀጠሮ ሲጓተት ለዚህ ጊዜ ይገኛል።

ተንኮሉ በምን ይታወቃል? እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለውጡ የመጣበት ሰዓት ነው። ዋናው ምስክር ሊሰማ በተያዘበት ጠዋት ላይ፣ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ፣ ያጠራጥራል። ሁለተኛው ዳኞቹ ምን እንዳሉ ነው። ጠንካራ ችሎት ቀን ሰጥቶ ዝም አይልም። ለአዲሱ ጠበቃ አጭር ቀን ይሰጣል። ይህ የመጨረሻ ነው ብሎ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። የቀረቡ ምስክሮች ካሉ፣ አሮጌው ጠበቃ እዚያው ካለ፣ እነሱን ዛሬ እንስማ ይላል። በሚቀጥለው ቀን ጠበቃ ቢቀየርም ባይቀየርም እንቀጥላለን ይላል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከሰማችሁ «ተበላ» ማለቱን ትንሽ አቆዩት።

የሟች ቤተሰብ በዚህ ሁሉ ውስጥ ተከራካሪ አይደለም፤ ችሎት ላይ ተነሥቶ ቀጠሮ መቃወም አይችልም። መንገዱ ዐቃቤ ሕጉ ነው። ምስክሮቻችን እየተንገላቱ ነው፣ ይህ ሰው ከአገር ሊወጣ ነው፣ እገሌን እያስፈራሩት ነው የሚለውን ለእሱ በጊዜ መንገር ይጠቅማል። ምስክርን የሚጠብቅ አዋጅም አለ፤ ቁጥሩ 699/2003 ነው። ዐቃቤ ሕጉ ይህን በእጁ ይዞ ሲቃወምና ባዶ እጁን «እንቃወማለን» ሲል ለዳኛው አንድ አይደለም። በተከሳሽ በኩል ያላችሁ ደግሞ፣ ጠበቃ የምትቀይሩ ከሆነ ቀድማችሁ ቀይሩ። የድሮው ጠበቃ ያለውን ሰነድ በሙሉ ለአዲሱ እንዲያስረክብ አድርጉ። ከቀጠሮው በፊት ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ። ገንዘብ ካለቀ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ የሚለውን ጥያቄ የምስክር ቀን እስኪደርስ አታቆዩት።

ካላንደሩንም እዩ። ፍርድ ቤት ክረምት ላይ ይዘጋል። በፌዴራል ደረጃ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ነው፤ ተረኛ ችሎት አጣዳፊ ጉዳይ ብቻ ያያል። ታኅሣሥ ላይ የተቀየረ ጠበቃ ሁለት ሳምንት ያስወስድ ይሆናል። ያው ጠበቃ ሐምሌ 20 ላይ ከተቀየረ የሚቀጥለው ቀጠሮ ጥቅምት ላይ ሊወድቅ ይችላል።