የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ምንድን ነው?

በዩናይትድ ስቴትስ ኮንግረስ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ የሚባለው፣ ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ሰዎች የሚያገኙትን የአካል ጉዳት ክፍያ፣ ሕክምና፣ የትምህርት ድጋፍና የቤት ብድር ዋስትና የሚመለከቱ ሕጎችን የሚያዘጋጅ፣ ሕጎቹን የሚያስፈጽመውን የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትም የሚቆጣጠር አካል ነው። ሁለቱም ምክር ቤቶች የየራሳቸው ኮሚቴ አላቸው። የተወካዮች ምክር ቤት የራሱን ያቋቋመው በ1946 በወጣ ሕግ ሲሆን (ዘመኑ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው)፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ግን እስከ 1970ው ማሻሻያ ድረስ ጉዳዩን ለተለያዩ ኮሚቴዎች ከፋፍሎ ይመለከት ነበር።

ብዙ ሰው ኮሚቴውን ገንዘብ መዳቢ አድርጎ ያስበዋል። በጀት መደልደል ግን የሌላ ኮሚቴ ሥራ ነው፤ ይህኛው የሚያተኩረው ማን፣ በምን ማስረጃ፣ ምን ይገባዋል በሚለው ላይ ነው። ከሥልጣኖቹም ሁሉ የሚከብደው፣ በእኔ ግምት፣ የማስረዳት ሸክም በማን ላይ እንደሚወድቅ በሕግ ማስቀመጡ ነው። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ፕላስቲኩም የሕክምና ቆሻሻውም በጦር ሰፈሩ አጠገብ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቃጠል ነበር፤ ያንን ጭስ ሲተነፍስ የከረመ ወታደር ከዓመታት በኋላ በካንሰር ቢያዝ፣ በሽታው ከጭሱ የመጣ መሆኑን ራሱ እንዲያስረዳ ይጠየቅ ነበር። በ2022 የወጣው ፓክት የተባለው ሕግ ይህን ገለበጠው፦ በተጠቀሰው ቦታና ጊዜ ያገለገለ ሰው ከተዘረዘሩት ከ20 በላይ በሽታዎች አንዱ ከያዘው፣ በሽታው ከአገልግሎቱ እንደመጣ ሕጉ ራሱ ይገምትለታል። ረቂቁ በሐምሌ መገባደጃ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲደናቀፍ፣ የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው በኮንግረሱ ሕንፃ በካፒቶል ደረጃዎች ላይ አደሩ፤ ነሐሴ 2 ቀን በ86 ለ11 ድምፅ አለፈ።

የቁጥጥሩ ሥራ በ2014 በግልጽ ታይቷል። በሚያዝያ ወር በተደረገ የምስክርነት ስብሰባ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጄፍ ሚለር፣ መሥሪያ ቤቱ በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ በሚያስተዳድረው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሁለት ዓይነት የተጠባባቂ ዝርዝር፣ አንዱ ሕጋዊ ሌላው ድብቅ፣ ሳይኖር እንደማይቀር ተናገሩ። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር ባደረገው ማጣራት 1,700 ሕሙማን ቀጠሮ እየጠበቁ በሕጋዊው መዝገብ እንዳልሰፈሩ አረጋገጠ። ሚኒስትሩ ኤሪክ ሺንሴኪ በግንቦት መጨረሻ ለቀቁ፣ በነሐሴም ወረፋ የረዘመባቸው ወይም ከሆስፒታሉ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች በግል ሐኪም እንዲታከሙ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። አዲስ የሚታጨውን ሚኒስትር አስቀድሞ የሚመረምረው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ብቻ ነው።

ኮሚቴው የግለሰብን አቤቱታ አይዳኝም። አሜሪካ የሚኖር፣ ልጁ ወይም እሱ ራሱ በሠራዊቱ ያገለገለ ወገናችን ፋይሉ ቢጓተትበት የሚሄደው ወደ አካባቢው ተመራጭ ጽሕፈት ቤት ነው፤ እዚያም በቅድሚያ ባለጉዳዩ መረጃው እንዲታይ የሚፈቅድበትን ቅጽ ፈርሞ ይሰጣል፣ ጽሕፈት ቤቱም በዚያ መነሻ ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፍለታል።