«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ በሸማኔና በምንጣፍ ሠሪ ዓይን

ዕድር ላይ፣ ደቦ ላይ፣ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ሳይቀር የሚጠቀስ ተረት ነው። ትርጉሙን የማያውቅ የለም፤ ደካሞች ከተባበሩ ብርቱውን ይረታሉ። ብዙ ሰው ድር ሲባል የሸረሪቷ ይታየዋል። ለሸማኔ ድር ማለት ማጉ፣ ማለትም በአግድም የሚገባው ክር፣ ከመግባቱ በፊት በቁመት የሚወጠረው ክር ነው፤ ለእኛም የሚያሳምነን ይኸኛው ነው።

የተረቱ ክብደት «ቢያብር» ላይ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ድር ሲያደራ፣ በመቶዎች የሚቆጠረው ክር ሁሉ እኩል ርዝመትና እኩል ውጥረት ሊኖረው ይገባል። አንዷ ከረገበች መርገጫው ሲረገጥ ከጓደኞቿ ጋር አትነሣም፤ መወርወሪያው ይስታታል ወይም ይበጥሳታል። አንዷ ከሌሎቹ ይልቅ ከተወጠረች ደግሞ የሁሉን ሸክም ብቻዋን ተቀብላ ቀድማ ትበጠሳለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህም ይሠራል፣ ሎሚው እኩል ከተካፈለ። በእንዝርት የተፈተለ ክር ወፈር ቀጠን ስለሚል ለውጥረት ያስቸግራል፤ ዛሬ ብዙ ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር ይዞ ፈትሉን ለማግ የሚያውለው ለዚህ ነው።

ሱፍ ላይ ነገሩ ይብሳል። በሞሮኮ፣ በመካከለኛው አትላስ ተራሮች፣ የቤኒ ኡራይን ጎሣ በርበር ሴቶች ምንጣፍ የሚሠሩት በቋሚ መሸመኛ ነው፤ ሁለት ቋሚ እንጨት፣ ከላይና ከታች ሁለት አግዳሚ፣ በመካከላቸው ድር። ለድሩ የሚሆነው ሱፍ ጠበቅ ተደርጎ ይከረራል፤ ለማግና ለቋጠሮ ላላ ያለው ይበቃል፣ እንዲያውም ልስላሴው የሚመጣው ከዚያ ነው። ቋጠሮው በጎረቤታሞች ድሮች ላይ ይጠመጠማል፤ በቋጠሮ ረድፎች መካከል ማጉ ደጋግሞ ይገባል፤ ሁሉም በብረት ማበጠሪያ ወደ ታች ይመታል። ሲያልቅ ድሩ ከላይ አይታይም። ውጥረቱ ወጣ ገባ ከሆነ፣ መሸመኛው ላይ ሳለ አግዳሚዎቹ ወጥረው ስለያዙት ጉዱ ይደበቃል። ተቆርጦ ሲወርድ መሐሉ ያብጣል፣ ጠርዙ ይሸበሸባል፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ይጠባል፤ ያን ጊዜ ብዙ የሚደረግ ነገር የለም።

ገዢ ድሩን ማየት ከፈለገ ዘርፉን፣ ማለትም ከምንጣፉ ጫፍ የሚንጠለጠለውን ክር፣ ይፈትሽ። በእጅ በተሸመነ ምንጣፍ ዘርፉ የድሩ ጫፍ ራሱ ነው፤ ከምንጣፉ ሥጋ ውስጥ ይወጣል። በመርፌ ከተሰፋበት ወይም ከተለጠፈበት ግን የእጅ ሥራ ነው ያለውን ሻጭ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።