የማይመለስ ወጪ ወጥመድ ምንድን ነው?

የማይመለስ ወጪ የሚባለው አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ቀጣዩ ውሳኔ ምንም ይሁን ምን ተመልሶ የማይገኝ ገንዘብ፣ ጊዜ ወይም ድካም ነው። ወጥመድ የሚሆነው ደግሞ ስለ ነገ መወሰን የሚገባው መሪ ትናንት ያወጣውን እየቆጠረ፣ «እዚህ ድረስ ደክመን እንዴት እንተወዋለን?» በሚል ምክንያት ብቻ የማይጠቅመውን ሥራ ሲቀጥል ነው። «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» የሚለው ተረት የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ወጥመዱ በብዙዎች ዘንድ «የኮንኮርድ ስሕተት» በሚል ስም ይታወቃል። ብሪታኒያና ፈረንሳይ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኞች አውሮፕላን በጋራ ለመሥራት የተፈራረሙት እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። ወጪው ከመጀመሪያው ግምት ብዙ እጥፍ ቢያልፍም፣ ሊገዙት አስበው የነበሩ የሌሎች አገሮች አየር መንገዶች ሐሳባቸውን ቢቀይሩም ሥራው አልቆመም። በጠቅላላው 20 አውሮፕላኖች ብቻ ተሠሩ፤ ከነዚህ ውስጥ 14ቱ በሁለቱ አገሮች አየር መንገዶች እጅ ገብተው እስከ 2003 ድረስ በረሩ። ኮንኮርድ በምሕንድስና ረገድ ድንቅ ሥራ ነበር፤ መተዉን ያከበደውም በከፊል ይህ ይመስለኛል። መጥፎ ነገርን መተው ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ያማረውን፣ የደከሙበትን፣ ነገር ግን ጥቅሙ ወጪውን የማይመልሰውን መተው ነው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ የሒሳብ ባለሙያ በግማሽ ቀን ይፈታው ነበር። ተመራማሪው ባሪ ስታው እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት የንግድ ሥራ ተማሪዎች የኩባንያ ኃላፊ ሆነው በጀት እንዲመድቡ አደረገ። የመጀመሪያውን ድልድል ራሳቸው ወስነው ውጤቱ መጥፎ እንደሆነ የተነገራቸው ተማሪዎች፣ ለዚያው ለከሰረው ክፍል ሌሎቹ ከመደቡለት የበለጠ ገንዘብ ጨመሩለት። እንግዲህ ሰውን ይበልጥ የሚያስረው የወጣው ብር ሳይሆን ውሳኔው የራሱ መሆኑ ነው።

ይህን እኔም በቅርብ አይቼዋለሁ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ በኮምፒውተር መመዝገብ ከጀመረ ከዓመታት በኋላም፣ ያው ደብዳቤ በትልቁ መዝገብ ላይ እንደገና በእጅ ይጻፍ ነበር። መዝገቡን ገልጦ የሚያይ አልነበረም፤ ደብዳቤ የጠፋበት ሰው የሚፈልገው ከኮምፒውተሩ ነው። ይሁን እንጂ ኃላፊያችን ያን አሠራር በወጣትነታቸው የዘረጉት ራሳቸው ነበሩ። ቢቀርስ ተብለው ሲጠየቁ የሚሰማቸው ሐዘን ከፊታቸው ላይ ይነበብ ስለነበር፣ ጥያቄውን የሚደግም አልተገኘም።

ከወጥመዱ የመውጣትን ነገር በደንብ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የአሜሪካው የቺፕ አምራች ኩባንያ የኢንቴል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመሠረት ሥራው የኮምፒውተር ሜሞሪ ቺፕ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ መረጃ የሚይዝበትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ማምረት ነበር፤ ዝናንም ያተረፈው በዚያ ነው። በ1980ዎቹ ግን የጃፓን አምራቾች በጥራትም በዋጋም በልጠውት ገበያውን እየወሰዱበት ሄዱ። በ1985 አጋማሽ ገደማ አንድ ቀን የኩባንያው ፕሬዚዳንት አንድሩ ግሮቭ፣ ከዋና ሥራ አስፈጻሚውና ከመሥራቾቹ አንዱ ከሆነው ከጎርደን ሙር ጋር ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ግሮቭ በኋላ እንደተረከው፣ ሁለቱም ተክዘው ሳለ እርሱ በመስኮቱ በኩል በርቀት የሚዞረውን የመዝናኛ ቦታ ትልቅ መንኮራኩር ተመለከተና፣ ቦርዱ እኛን አባርሮ አዲስ ሰው ቢያመጣ ያ ሰው ምን ያደርጋል ብሎ ሙርን ጠየቀው። ሙር ሳያመነታ ከሜሞሪ ሥራ ያስወጣናል አለው። ታዲያ አንተና እኔ በዚያ በር ወጥተን፣ ተመልሰን ገብተን፣ ራሳችን ለምን አናደርገውም አለ ግሮቭ።

የጥያቄው ኃይል ውሳኔውን ከባለቤቱ ነጥሎ ማየቱ ላይ ነው። አዲስ የሚመጣው ሰው በሜሞሪው ላይ የተጻፈ ስም፣ የሚከላከለው ያለፈ ንግግር፣ የሚያፍርበት ቃል የለውም። ሆኖም መልሱ ከተገኘ በኋላም መንገዱ ቀላል አልሆነም። በኩባንያው ውስጥ ሜሞሪ የቴክኖሎጂያችን መፈተኛ ነው፣ ሻጮቻችንም ሙሉ የምርት ዓይነት ካልያዙ ደንበኛ ይርቀናል የሚል እንደ ሃይማኖት የጸና እምነት ነበር። ውሳኔው በመጨረሻ ሲነገራቸው ግን ደንበኞቹ ሲጠብቁት የቆዩት ነገር ነበር። ከዚያም በላይ የማምረቻው አቅም የተሻለ ትርፍ ለሚያስገኝ ምርት ይደለደል ስለነበር፣ የበላዮቹ ከመወሰናቸው በፊት ሥራው ከታች በኩል የኮምፒውተርን ስሌት ወደሚያከናውነው ቺፕ፣ ወደ ማይክሮፕሮሰሰር፣ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። መሪ የሚተወውን ለማወቅ ከፈለገ የበታቾቹ እጅ ከምን ላይ እየተነሣ እንደሆነ ቢመለከት ብዙ ይማራል ብዬ አምናለሁ።

በ1986 ኢንቴል ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፤ በ1985 እና በ1986 ውስጥም ወደ 7,200 የሚሆኑ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። በ1992 በዓለም ትልቁ የቺፕ አምራች ለመሆን መብቃቱ ይህን አያስረሳም። «መተው» የሚለው ቃል በስብሰባ ላይ ሲነገር ቀላል ነው፤ ደመወዙ ለሚቋረጥበት ሰው ግን ቀላል አይደለም፤ ለእርሱ የሚከፈለው ካሣም ገና የሚወጣ ወጪ ስለሆነ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ይህ ማለት የተጀመረ ሁሉ ይቋረጥ ማለት አይደለም። ዘጠኝ አሥረኛው ያለቀለትን ድልድይ መጨረስ ተገቢ የሚሆነው ብዙ ስለወጣበት ሳይሆን፣ ቀሪው ጥቂት ወጪ ሙሉ ድልድይ ስለሚያስገኝ ነው። የአስተዳደር ሊቁ ፒተር ድራከር መሪዎች በየጊዜው ራሳቸውን እንዲጠይቁ የመከረውም ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ ይህን ሥራ እስከ አሁን ባንጀምረው ኖሮ፣ ዛሬ የምናውቀውን እያወቅን እንጀምረው ነበርን? ጥያቄው እንዲሠራ ግን ሥራው ምን ላይ ቢደርስ እንደሚቆም ገና ሲጀመር መጻፍ፣ ግምገማውንም ለጀማሪው ብቻ አለመተው ያስፈልጋል።

በዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊው ጡረታ ወጥተው አዲስ ኃላፊ በመጡ በመጀመሪያው ወር፣ ይህን መዝገብ የሚያነበው ማን ነው ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም። መዝገቡ እንዲዘጋ ከማዘዛቸው በፊት ግን ለዓመታት ሲጽፉት የኖሩትን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይዘሮ በሁላችን ፊት ብድግ ብለው አመሰገኗቸው። የመጨረሻውን መዝገብ ወይዘሮዋ ራሳቸው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ከመደርደሪያው ላይ አኖሩት።