ሚክስድ ኢንካም ሰፈር ምንድን ነው? የየስለር ቴራስ ነዋሪዎች ያነሱት ጥያቄ

የመንግሥት ቤቶች ያሉበት አንድ ሰፈር ይፈርሳል። በቦታው ረጃጅም ሕንጻዎች ይሠራሉ። ከአዲሶቹ ቤቶች ከፊሉ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው፣ ከፊሉ ደግሞ መካከለኛ ገቢ ላላቸው ይመደባል። የቀረው በገበያ ዋጋ ይከራያል። ሚክስድ ኢንካም የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ግን ዞኒንጉ መቀየር አለበት። ዞኒንግ በአንድ መሬት ላይ ምን ዓይነት ሕንጻ፣ እስከ ምን ከፍታ እንደሚሠራ የሚወስን የከተማ ሕግ ነው። ነዋሪው "ሐሳብህን ስጥ" ተብሎ ስብሰባ የሚጠራውም በዚህ ጊዜ ነው።

አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ላለ ሐበሻ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከዳውንታውን አጠገብ ኮረብታው ላይ ያለው የስለር ቴራስ የተባለ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተ ነው። በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ ሳይለይ ቤት በመስጠት ቀዳሚ ከሆኑት የመንግሥት መኖሪያ ሰፈሮች አንዱ ነበር። በኋላ ከቬትናም፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች መኖሪያ ሆነ። ቤቶቹ ባለ አንድ ፎቅ፣ ተያያዥ ነበሩ። እያንዳንዱ የራሱ በርና ጎመን የሚተከልባት ትንሽ ጓሮ ነበረው። ሰፈሩ መፍረስ ሲጀምር ጠቅላላ ቁጥራቸው 561 ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 የከተማው ምክር ቤት የሰፈሩን ዞኒንግ ቀየረ። ወደ 30 ኤከር በሚጠጋው መሬት ላይ እስከ 5,000 ቤት እንዲሠራ ተፈቀደ። ገንዘቡ ከየት መጣ? የፌደራሉ መንግሥት ያረጁ የመንግሥት ቤቶች ያሉባቸውን ሰፈሮች በሚያድሰው ቾይስ ኔበርሁድስ ፕሮግራም በኩል የተወሰነ ሰጠ። ሌላው ትልቅ ምንጭ ግን ራሱ መሬቱ ነው። የከተማው የቤቶች ባለሥልጣን ከመሬቱ ከፊሉን ለግል አልሚዎች እየሸጠ፣ የሽያጩን ገንዘብ በፈረሱት ምትክ ለሚሠሩት ቤቶች አውሏል።

ነዋሪው ታዲያ ምን አለ? ሁሉም አልተቃወመም። ቱቦው ያረጀና ግድግዳው ሻጋታ የያዘ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው አዲስ ቤት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ሌላው ግን ሥጋት ነበረው። ጓሮው ይቀራል። ልጆች በር ላይ ሲጫወቱ በመስኮት ማየት ይቀራል። በየፎቁ የሚኖሩ አዛውንት ከጎረቤት ጋር እንዴት ይገናኛሉ? እነዚህን ጥያቄዎች እንደ ትዝታ የሚያይ ባለሙያ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ሌሊት የምትሠራ እናት ልጇን ጎረቤት ጋ ጥላ የምትሄደው በሮቹ ስለሚተያዩ ነው። ያ ሲፈርስ ለሕጻናት መዋያ የምትከፍለው ገንዘብ ይመጣል። የህዝብ መሬት ለባለሀብት መሸጡን የተቃወሙም ነበሩ። የከተማው እምብርት ላይ ያለ መሬት አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገኝም የሚለው ክርክራቸው ዛሬም ክብደት አለው።

ትልቁ ጥያቄ ግን የምትክ ነበር። አዲስ አበባ "የልማት ተነሺ" የተባለ ሰው ይህን ለማስረዳት አስተማሪ አያሻውም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሆፕ ሲክስ በተባለው የፌደራል ፕሮግራም በመላ አሜሪካ ብዙ የመንግሥት ቤቶች ፈርሰዋል። በብዙ ቦታ የተተኩት ከፈረሱት ያነሱ ነበሩ። ከተነሱት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ሰፈራቸው አልተመለሱም። የስለር ላይ 561ዱ ቤቶች በሙሉ በዚያው ወይም በአቅራቢያው እንዲተኩ፣ ውላቸውን ያከበሩ ነዋሪዎችም የመመለስ መብት እንዲኖራቸው የተያዘው ግዴታ ክብደቱ ከዚህ ይመነጫል። እነዚያ ምትክ ቤቶች ገቢያቸው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ (ግማሹ ቤተሰብ ከሱ በላይ፣ ግማሹ ከሱ በታች የሚያገኝበት መጠን) 30 በመቶ በታች ለሆነ ነው። ከአዲሶቹ ሕንጻዎች አንዱ ከበሮ ኮርት ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ከእኛው ከበሮ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን "አፎርደብል" (አቅምን ያገናዘበ ኪራይ) የሚለው ላይ ነው። በአንድ ሕንጻ ውስጥ የ30 በመቶና የ60 በመቶ ቤቶች፣ ማለትም ገቢያቸው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 30 ወይም 60 በመቶ ለማይበልጥ የተመደቡ ቤቶች፣ ጎን ለጎን ሊሆኑ ይችላሉ። ኪራያቸው የሚሰላው ግን በተለያየ መንገድ ነው። በመንግሥት ድጎማ ቤት ውስጥ የምትከፍለው ከራስህ ገቢ 30 በመቶ ገደማ ነው። በወር 2,000 ዶላር የሚያገኝ 600 ይከፍላል። ሰዓት ተቀንሶበት ገቢው 1,200 ከሆነ ኪራዩ ወደ 360 ይወርዳል። ድጎማም ቫውቸርም (መንግሥት ከኪራዩ ከፊሉን የሚከፍልበት ሰነድ) በሌለው የ60 በመቶ ቤት ውስጥ ግን የኪራዩ ጣሪያ የሚሰላው በመኝታ ክፍል ብዛትና በአካባቢው መካከለኛ ገቢ ነው። ያንተ ሰዓት ተቀነሰ ብሎ ኪራዩ አይቀንስም። ይባስ ብሎ በሲያትል የቴክኖሎጂ ሠራተኞች ደሞዝ ሲጨምር መካከለኛው ገቢ ከፍ ይላል። ከእሱ ጋር የኪራዩ ጣሪያም ይነሳል። የታክሲ ሹፌሩ ገቢ ግን ባለበት ሊቆም ይችላል።

ሌላም አለ። ሚክስድ ኢንካም ሲባል ሀብታምና ድሃ በአንድ ኮሪደር ይኖራሉ ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። የስለር ላይ ቅልቅሉ በአብዛኛው በሕንጻ ደረጃ ነው። ምትክ ቤቶቹ የቤቶች ባለሥልጣኑ ባሠራቸው ሕንጻዎች ውስጥ ናቸው። የገበያ ዋጋ ቤቶቹ የግል አልሚዎች በሠሯቸው ሕንጻዎች ውስጥ ይገኛሉ። አልሚዎቹም የተወሰኑ ቤቶችን መካከለኛ ገቢ ላላቸው ይመድባሉ። ነዋሪዎቹ መናፈሻው ላይና ትራም ፌርማታው ላይ ይገናኛሉ እንጂ በር ለበር ጎረቤት መሆናቸው እምብዛም ነው።

ሰፈርህ እንዲህ ያለ ስብሰባ ከተጠራ የሕንጻውን ሥዕል ከማየትህ በፊት ጠይቅ። ከፈረሰው ቤት ስንቱ፣ ለየትኛው ገቢ ይተካል? ባለ ሦስትና ባለ አራት መኝታ ቤቶችስ? አንድ ለአንድ ተተካ ተብሎ ሰባት ልጆች ላሉት ቤተሰብ ባለ ሁለት መኝታ ቢሰጥ ቁጥሩ ይሞላል፤ ቤተሰቡ ግን አይገባበትም። ግንባታው እስኪያልቅ የት እንኖራለን? የመመለስ መብቱን የሚያሳጣው ምንድን ነው? ያልተከፈለ ኪራይ ይቆጠራል? አስተርጓሚም ጠይቅ፤ የሲያትል ቤቶች ባለሥልጣን በአማርኛም አገልግሎት ይሰጣል። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል፤ ምክር ቤቱ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት። የስለር ላይ ግዴታዎቹ የቤቶች ባለሥልጣኑ ከከተማው ጋር ባደረገው ስምምነት ውስጥ ሰፍረዋል። በስብሰባ ላይ በቃል የተነገረ ተስፋ ዞኒንጉ ከጸደቀ በኋላ የሚያስገድደው ሰው የለም።