ጃቫ አፕሌት ጃቫስክሪፕት አይደለም

የድሮ የብሮውዘር ጌም ሲከፍቱ «ጃቫ ያስፈልጋል» የሚል መልእክት ቢመጣ ጃቫስክሪፕትን ማብራት አይበቃም። ሁለቱ የተለያዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫ ስሙ ገንኖ ስለነበር የብሮውዘር ሠሪው ድርጅት ኔትስኬፕ «ላይቭስክሪፕት» ይለው የነበረውን ቋንቋ «ጃቫስክሪፕት» አለው። እንደ እኔ ከዚህ የባሰ አሳሳች ስያሜ የለም።

አፕሌት ድረ ገጽ ውስጥ የሚሰካ ትንሽ የጃቫ ፕሮግራም ነው። ጌሙ ወደ ባይትኮድ (ጃቫ ወደሚያስኬደው ኮድ) ተቀይሮ ይወርዳል፤ የሚያስኬደው ግን ብሮውዘሩ ራሱ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ጃቫ ነው። ብሮውዘሩንና ጃቫን የሚያገናኘው ፕለጊን ይባላል። ጃቫስክሪፕትን ግን ብሮውዘሩ ራሱ ያነበዋል፤ የሚጫን ነገር የለም።

ክሮም እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲህ ያሉ ፕለጊኖችን መቀበል አቆመ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ስለዚህ ዛሬ ጃቫን ቢጭኑም በአዲስ ብሮውዘር ጌሙ አይነሳም፤ የጠፋው አገናኙ ነው።